«እናቴ ካንሰር መሆኑን ሳታውቅ ኬሞ መውሰድ አትችልም ወይ?» የአንባቢዎች ጥያቄ፣ የካንሰር ሐኪም መልስ

ሰላም ናችሁ አንባቢዎቻችን። የዚ ወር ጥያቄዎች ባጋጣሚ ሁሉም ከወደ ጎጃም ናቸው፣ ከማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከቢቸና፣ ከዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላም... እኔም ባሕር ዳር ስለምሰራ ሰዉንም መንገዱንም አውቀዋለሁ። ስም አላወጣንም፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ወረቀታችሁን ሳላይ ነው ምመልሰው፣ ሚከታተላችሁ ሐኪም ካለ እሱ ያለው ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከደብረ ማርቆስ ነው ምጽፍልህ። እናቴ 56 ዓመቷ ነው፣ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ደብቃን ነው የከረመችው፣ አሁን ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ኢንቬሲቭ ዳክታል ካርሲኖማ (የጡት ካንሰር) ይላል። እኛ ልጆቿ ተሰብስበን እንዳትሰማ ወሰንን፣ እጢ ነው በመድኃኒት ይጠፋል አልናት። ካንሰር ነው ከተባለች በድንጋጤ ነው ምትሞትብን። ሐኪሙን እንዲህ በልልን ብለን ብንለምነው እሺ አላለንም። ሳታውቅ ኬሞውን (የካንሰር መድኃኒቱን) መስጠት አይቻልም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ። ስለምትወዷት ነው እንዲህ የጨነቃችሁ፣ ሐኪሙም ይሄ አይጠፋውም። የናንተ ቤት ብቻ እንዳይመስልህ ደሞ፣ እኛ ጋ በየሳምንቱ ያለ ነው። ልጆች ቀድመው ለብቻቸው ይገቡና በሩን ገፋ አድርገው «ዶክተር አደራ፣ እሷ ፊት እንዳታነሳት» ይሉኛል፣ እናትየው ውጪ አግዳሚው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፣ ውስጥ ስለሷ እየተወራ መሆኑን ግን አሳምራ ታውቃለች።

ቁርጡን ልንገርህ፣ አይቻልም፣ ቢቻልም አያዛልቅም። ኬሞ ሚሰጥበት ክፍል ስትገባ ግራና ቀኟ ያሉት በሙሉ ጸጉራቸው የረገፈ ሰዎች ናቸው፣ ግሉኮሱ ገና ሳይጀመርላት ጎኗ ያለችው ሴትዮ «ያንቺስ የት ጋ ነው እህቴ?» ትላታለች፣ በቃ እዛው ላይ አለቀ፣ ከባዕድ ሰማች ማለት ነው። ባትጠየቅ እንኳ ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ጸጉሯ መርገፍ ይጀምራል። ጡት ይነሳ ሲባል ደሞ ፈርሚ ትባላለች፣ ለእጢ ነው ብላችሁ ጡት ልታስቆርጧት ነው? ከሁሉም እኔን ሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ምን እንደያዛት ያላወቀ ሰው ትንሽ ሲሻለው ያቆማል። ሁለት ዙር ኬሞ ሲገባ እብጠቱ ብዙ ጊዜ ይሟሽሻል፣ «እጢዋማ ጠፋች እኮ» ብላ ለመኸሩ አገር ቤት ትገባለች፣ በዓመቱ ስትመለስ በሽታው ሳንባና አጥንት ገብቷል። እንዲህ ሆነው የመጡ ብዙ አይቻለሁ።

መንገር ሲባል ግን እናንተ እንደምትፈሩት መርዶ ማርዳት አይደለም። ቢያንስ እኔ ምሰራበትን መንገድ ልንገርህ። መጀመሪያ አልናገርም፣ እጠይቃለሁ። «እማማ፣ ይሄ ሕመም እርስዎን ምን ይመስልዎታል?» እልና ዝም እላለሁ፣ ዝምታው ቢረዝምም ልጆቹ ጣልቃ እንዳይገቡ በእጄ ምልክት እሰጣቸዋለሁ። ብዙዎቹ ራሳቸው ይሉታል። ቀጥዬ «ሁሉን ነገር ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ ልንገረው?» እላለሁ። «ለልጄ ንገረው፣ እኔ ምታዙኝን እወስዳለሁ» ያለች እናት መብቷ ነው፣ እሷ ሳትጠየቅ ልጆች ከሚወስኑላት ጋር ግን ሰማይና ምድር ነው። ልስማው ካለች ደሞ ባጭሩ፣ ስሙን አንዴ ጠርቼ፣ አቆማለሁ። ካንሰር ከተባለ በኋላ ስለ ሆርሞን ተቀባይ ስለ ደረጃ ምናምን ብትዘበዝብ ማንም አይሰማህም፣ ጆሮ ተዘግቷል። ለዛ ነው ዝርዝሩን ለሌላ ቀን ቀጥሬ ማወራው፣ ያን ቀን ከልጆቹ አንዱ ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ ይምጣ እላለሁ።

አንዴ ከወደ አዴት የመጣች እናት እንዲህ ስጠይቃት ልጅየው ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። እሷ ዞር ብላ አየችውና «ተወው ልጄ፣ ያ ክፉ በሽታ መሆኑን ጡቴ ሲቆስል ነው ያወቅኩት፣ እነሱ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩ» አለችኝ። ከዛ ምን ጠየቀችኝ መሰለህ፣ እድናለሁ ወይ አላለችም፣ «ዘንድሮ መሬቱን ለእኩል ልስጠው ወይስ ራሴ ላሳርሰው?» አለች። ሕክምናው ክረምቱን ሙሉ ስለሚወስድ ለእኩል ይስጡት አልኳት። ልብ በል፣ ሰው ምን እንደያዘው ካላወቀ ይሄን መወሰን አይችልም። መሬት አለ፣ ያልተዳረች ልጅ አለች፣ ዕዳ አለ፣ ንስሐ አለ።

ስለዚ ማታ እቤት ብቻህን አትንገራት። ሐኪሙ ይንገር፣ አንተ ጎኗ ቁጭ በል። «ትድኛለሽ» ብለህ ግን ቃል አትግባ ምክንያቱም ገና አላወቅንም። ያ ወረቀት ካንሰር መሆኑን ብቻ ነው የነገራችሁ። ሦስት ነገር ይቀራል። አንደኛ ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ ማለትም ካንሰሩ በሆርሞን ያድጋል ወይ፣ ኸር ቱ ሚባለው ፕሮቲንስ በዝቶበታል ወይ (ከዛው ናሙና ላይ ነው ሚሰራው)፣ መድኃኒቱን ሚመርጥልን እሱ ነው። ሁለተኛ የት ደርሷል፣ ጉበት በአልትራሳውንድ፣ ደረት በራጅ ወይ በሲቲ ይታያል። ሦስተኛ አካሏ ይችላል ወይ፣ ደም፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ ደሞ በኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ምክንያቱም ቀዩ ኬሞ ምንለው ቀለሙ ቀይ የሆነ መድኃኒት ልብ ሊጎዳ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ግሬድ 2 ወይ 3 ሚል ካለ እንዳትደነግጡ፣ ያ ደረጃ አይደለም፣ ግሬድ ሴሉ በማይክሮስኮፕ ምን ያህል እንደተበላሸ ነው፣ ደረጃ ሚባለው በሽታው የት እንደደረሰ ነው። ይሄን እያምታታ ስንቱ ቤተሰብ «ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል» ብሎ ለቅሶ እንደተቀመጠ።

ጥያቄ፦ ከቡሬ። አንገቴ ሥር እብጠት ወጥቶ ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና) ይወሰድ ተባልኩ። እኛ አገር ግን ቢላ ወይም መርፌ የነካው ይዛመታል ይባላል፣ አንድ ዘመዴም ከተቀደደ በኋላ ስድስት ወር አልቆየም። እውነት ነው?

መልስ፦ ዘመድህን ነፍስ ይማር። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሰው ሆስፒታል ሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ በሽታው ቀድሞ ተዛምቷል፣ ቢላው የነካው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጥፋቱን ቢላው ወሰደ። እንዳንተ ዓይነት የአንገት እብጠት ላይ በመርፌም ሆነ በትንሽ ቀዶ ጥገና ናሙና መውሰድ በሽታውን አያስፋፋም። በጥንቃቄ ታቅደው ሚወሰዱ አሉ፣ ለምሳሌ የአጥንት እጢ ላይ ናሙናውን ሚወስደው ኋላ ቀዶ ጥገናውን ከሚሰራው ሰው ጋር ተነጋግሮ ነው፣ የወንድ ዘር ፍሬ ላይ ደሞ ጭራሽ መርፌ አናስገባም። ያ የሐኪሙ ጣጣ ነው። አንተ ማወቅ ያለብህ ያለ ባዮፕሲ ኬሞ እንደማይጀመር ነው፣ ደሞ የአንገት እብጠት ቲቢም ሊሆን ይችላል እኮ፣ ቲቢ ከሆነ ስድስት ወር ክኒን ወስደህ ትድናለህ፣ ሳይመረመር መቅረት ነው ሚያሳዝነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ናሙናውን ራስህ ወደ ላብራቶሪ ምታደርስ ከሆነ (እኛ አገር ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው) ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፎርማሊን መሆኑን ጠይቅ፣ ሥጋውን በደንብ ሚያጠልቅ መሆን አለበት። ባዶ ግሉኮስ ወይ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ተጉዞ ከደረሰ ሥጋው በስብሶ ምንም አይነበብም፣ እንደገና መቆረጥ ሊሆን ነው። ውጤቱ ሲወጣ ደሞ ወረቀቱን ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ ብሎኩ ማለትም በሰም የተያዘው ሥጋ የት እንደተቀመጠ ጠይቅ፣ ወደ አዲስ አበባ ብትላክ መጀመሪያ ሚጠይቁህ እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ከቢቸና፣ መምህር ነኝ። አባቴ 63 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አለው፣ ከዛ ፍትፍት፣ አሁን አጥሚትና ወተት ብቻ ነው። ኢንዶስኮፒ (በአፍ ሚገባ ካሜራ) ታይቶ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ነው ተባለ። ሁለት በሬ ሸጠን አዲስ አበባ ልንወስደው ነው። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ መምህር፣ በሬውን ገና አትሽጡ። አትሂዱ ማለቴ አይደለም፣ ለምን እንደምትሄዱ ሳታውቁ አትሽጡ ነው ምልህ። ኢንዶስኮፒው ካንሰር መኖሩን አሳየ፣ የደረትና የሆድ ሲቲ ግን ከቧንቧው ወጥቶ ሳንባ ወይ ጉበት መድረስ አለመድረሱን ያሳያል። ሲቲውን ባሕር ዳር ማስነሳት ትችላላችሁ። ከዛ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፣ ሳታፍር፣ «ሕክምናው ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ?» በለው። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ሳይጠይቅ ንብረቱን ይጨርሳል፣ አንዳንዱ ሐኪምም ካልተጠየቀ አይናገርም፣ እውነት ለመናገር ይሄ የኛ የሙያው ሰዎች ድክመት ነው።

ካልተሰራጨ ቀዶ ጥገና፣ ወይም ኬሞና ጨረር አንድ ላይ፣ ለማዳን ታስቦ ይሰጣል፣ ያኔ በሬ መሸጡ ምክንያት አለው። ጨረር ከሆነ ግን ሳትዘጋጁ እንዳትሄዱ። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመት ጨረር ሚሰጥበት የአገሪቱ ብቸኛ ቦታ ስለነበር ወረፋው ስሙ የታወቀ ነው፣ ጨረሩ ሲጀመር ደሞ ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ነው ሚሰጠው፣ ለሳምንታት፣ ስለዚ ከሕክምናው ክፍያ በላይ ኪስ ሚያራግፈው የቤት ኪራይና ምግቡ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ አሁን ደውሉ። የማህበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩን በደረጃው አጽፉ፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ሙሉውን ላይሸፍን ይችላል፣ የቱ እንደሚሸፈን ደሞ ከወረዳው ጤና መድን ጽህፈት ቤት ጠይቁ።

ከተሰራጨ ግን ዋናው ነገር እንዲውጥና እንዳያመው ማድረግ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ ሚይዝ ስቴንት ሚባል ነገር በኢንዶስኮፒ ይገባል፣ ካልሆነም በሆድ በኩል መመገቢያ ቱቦ ይገባል። እሱን አግኝቶ አገሩ፣ ልጆቹ መሀል፣ ወተቱን እየጠጣ መቀመጥ ሚመርጥ አባት ብዙ ነው፣ እሱንም ጠይቁት እንጂ፣ የሱ በሬ አይደል!

እስከዛው ክብደቱ እንዳይወርድ ታገሉ። አጥሚቱን በወተት ሥሩት፣ እንቁላል ምቱበት፣ ቅቤ ጨምሩበት፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ምራቁ እንኳ አልወርድ ካለ ቀጠሮ ሚባል ነገር የለም፣ ያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ። 43 ዓመቴ ነው፣ ለጡት ካንሰር ባሕር ዳር ኬሞ ጀምሬ ሁለተኛውን ወስጃለሁ። ሽንቴ ቀልቶ ደም መሰለኝ። ጾሙ ደሞ እየገባ ነው። እናቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች፣ ባለቤቴ የሐበሻ መድኃኒት አምጥቷል። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮዬ ቢያልፍስ ብዬም እጨነቃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሽንትሽ ደም አይደለም፣ መድኃኒቱ ራሱ ነው ቀይ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠራል። ከዛ ካለፈ ወይ ስትሸኚ ካቃጠለሽ ተናገሪ።

ከሁሉም በላይ አንቺን ማስጠነቅቅሽ ትኩሳት ነው። ኬሞ ከወሰድሽ ከሰባተኛው እስከ አስራ አራተኛው ቀን ድረስ ነጭ የደም ሴልሽ በጣም ይወርዳል፣ ወታደሩ የወጣበት ከተማ ማለት ነሽ። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዢ፣ 38 ዲግሪ ካሳየ ሌሊትም ይሁን እሁድ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ሂጂ፣ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት የለም። በር ላይ ወረፋ አትያዢ፣ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ትኩሳት አለኝ» በያቸው፣ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መጀመር አለበት። ይሄን ባለቤትሽም እናትሽም ይወቁት፣ አንቺ ስትዝይ ሚወስዱሽ እነሱ ናቸው። በነዛ ቀናት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርብሽ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ልጠይቅሽ ካለም በስልክ ይጠይቅሽ።

ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ አላት፣ እኔ ማውቃቸው አባቶች እንቁላሉን ብዪ ወተቱን ጠጪ ነው ሚሉት። ጸበል አልከለክልሽም፣ መከልከልም አልችል። ሦስት ነገር ብቻ፣ ነጭ ሴልሽ በወረደበት ሳምንት ብዙ ሰው ሚጋፋበት ቦታ አትሂጂ፣ ያልፈላ ውሃም በብዛት ጠጥቶ ማስመለሱ ይቆይሽ፣ የኬሞውን ቀን ግን ለጸበል ብለሽ አታሳልፊ። ቄሱንም ሐኪሙንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ ከታማሚዎቼ ግማሹ እንደዛ ነው ሚያደርጉት። የሐበሻ መድኃኒቱን ግን አልስማማም። ክፋት አስቤ አይደለም፣ ኬሞሽን ከሰውነትሽ ሚያስወጣው ጉበትሽ ነው፣ ምን እንዳለበት ማይታወቅ ቅጠል ጨምረሽበት ጉበቱ ከታወከ ኬሞው ራሱ ይቋረጣል። ቀድመሽ የወሰድሽው ካለ ደሞ አትደብቂ፣ እኛ አንቆጣም (ሚቆጣ ካለም ይቆጣ፣ አንቺ ተናገሪ)።

መንገዱን በተመለከተ፣ ጥቂት ቀን ወይ አንድ ሳምንት ቢያልፍ ሕክምናሽ ፈረሰ ማለት አይደለም። ደውለሽ ቀኑን አስቀይሪ። የወሰድሽውን መድኃኒት ስም፣ መጠኑንና ስንተኛ ዙር እንደሆነ ሚገልጽ ወረቀት አጽፈሽ አንዱን ኮፒ እቤት አስቀምጪ፣ ስልክሽ ላይም ፎቶ አንሺው፣ ሌላ ሆስፒታል ብትገቢ ያለሱ ማንም ደፍሮ አይቀጥልልሽም።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። ጡቴ ከተነሳ፣ ኬሞም ከጨረስኩ በኋላ ታሞክሲፈን ሚባል ክኒን ለ5 ዓመት ውሰጂ ተባልኩ። አሁን ደህና ነኝ፣ ላብና ሙቀት አሰቃየኝ፣ ባቆመውስ?

መልስ፦ አታቁሚው። ያንቺ ካንሰር ሆርሞን ተቀባይ ያለው ዓይነት ነው ማለት ነው፣ ክኒኑ ደሞ ዓይን ያላያት አንዲት ሴል ቀርታ እንደሆነ ሆርሞኑን እንዳታገኝ ይዘጋባታል። በቀን 20 ሚሊግራም፣ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዷ እስከ 10። ሙቀቱ እውነት ነው፣ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ሚያቀል ነገር ይፈልግልሻል፣ የወር አበባሽ ከቆመ ቆይቶ ከሆነ ሚቀየር ሌላ ክኒንም አለ። አንድ እግርሽ ለብቻው ካበጠ ወይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ። ልጅ መውለድ ምትችዪ ከሆነ እየወሰድሽው ማርገዝ የለብሽም።

ጥያቄ፦ እናቴ በማሕፀን በር ካንሰር ነው የሞተችው። እኔ 35 ነኝ፣ በዘር ይተላለፋል? (ከመራዊ)

መልስ፦ ይሄኛው በዘር ሳይሆን በአብዛኛው ኤች ፒ ቪ ሚባል ቫይረስ ነው ሚያመጣው። ጤና ጣቢያ ሂጂና ተመርመሪ፣ አሴቲክ አሲድ ቀብተው ደቂቃዎች ቆይተው ያዩታል፣ ነጭ ምልክት ካለ ብዙ ጊዜ ያኑ ቀን ይተኮስልሻል፣ ካንሰር ሳይሆን ገና። ሴት ልጅ ካለችሽም ከ9 እስከ 14 ዓመቷ ባለው ጊዜ የኤች ፒ ቪ ክትባቱ አያምልጣት፣ አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም ነው የተጀመረው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ። ወንድሜ ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ያቃስታል። ሞርፊን አዘዙለት፣ እኛ ግን ሱስ ይሆንበታል፣ ቶሎም ይገድለዋል ብለን አልሰጠነውም።

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ዛሬውኑ ስጡት። ለካንሰር ሕመም በታዘዘው መጠን ሚወሰድ ሞርፊን አይገድልም፣ ሱሱንም ተውት፣ ያለ እንቅልፍ ያደረ ሰው ላይ ሱስ አይታሰብም። ሚጠጣው ሽሮፕ ከሆነ በየአራት ሰዓቱ ነው ሚሰጠው፣ አመመኝ እስኪል አትጠብቁ፣ ሕመሙ ከተነሳ በኋላ ማስታገስ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ብዙ ጊዜ ያልተኛውን እየተኛ ነው፣ ግን ስትቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ወይ ትንፋሹ በጣም ከቀነሰ ቀጣዩን አትስጡ፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሆድ ድርቀት ግን አይቀርለትም፣ አብሮ ቢሳኮዲል (ሆድ ሚያለሰልስ መድኃኒት) መታዘዝ ነበረበት፣ ካልታዘዘ ጠይቁ። ሚያመው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወገቡ ወይ ጭኑ፣ ለሐኪሙ ንገሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሚሰጥ ጨረር ለእንዲህ ያለ የአጥንት ሕመም ይረዳል። እግሩ ከዛለ ወይ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን ነገ አትበሉ፣ ነርቩ ተጨቁኖ ሊሆን ስለሚችል ያኑ ቀን ይዛችሁት ሂዱ።